«ተልኳል» ማለት «ደርሷል» ማለት አይደለም

ለዛሬ ያዘጋጀሁት ጉዳይ ሌላ ነበር። አንዲት እህታችን የላከችልኝ ደብዳቤ ግን ያዘጋጀሁትን ሁሉ አስጣለኝ። ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ እንባ ነው ማለት ይቻላል። የመጨረሻዋ መስመር ግን ጥያቄ ናት፤ «እስኪ አንተ ፍረደኝ፤ ውሸታሙ እሱ ነው ወይስ ኮምፒዩተሩ?» ትላለች።

ስንት ዓይነት የፍቅር ጥያቄ መጥቶልኛል! «ትወደኛለች ወይስ ለገንዘቤ ነው?»፣ «እናቱ ጠልታኛለች፣ ምን ላርግ?»፣ «ስልኬን ይበረብራል» … ኮምፒዩተር ተከስሶ ሲቀርብልኝ ግን ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ዳኝነቱን ከመስጠቴ በፊት ጉዳዩን ልንገራችሁ።

ልጅቷ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። አንድ ማስታወቂያና ኅትመት የሚሠራ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ልጁ ደግሞ ወረታ ከተማ በአንድ ፎቶና ቪዲዮ ቤት የሠርግ ካሜራ ይዞ የሚሮጥ ወጣት ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ አብረው ያደጉ ናቸው። አራት ዓመት ተዋደዋል። ሽማግሌ ሊላክ ቀኑ ሁሉ ተቆርጦ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በወርኃ ጥር ታላቅ ወንድሟ አገባ። ሠርጉ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ ገጠር ውስጥ ነው። ቀረጻውን የያዘው ፍቅረኛዋ ነው። በሠርጉ ላይ አባቷ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆሙና ሙሽሮቹን መረቁ። ከዚያ ዘወር አሉና እሷን በስሟ ጠርተው «ያንቺንም ያሳየኝ ልጄ!» አሏት። ሕዝቡ «አሜን!» አለ። ካሜራው ያንን ሁሉ ቀድቷል።

አባት ያኔም ታመው ነበር። የካቲት ሳይጋመስ አረፉ።

ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እንደምታስታውሱት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። በቴሌግራም ላክልኝ፣ በኢሞ አሳየኝ የሚባል ነገር የለም። በሰው እጅ ፍላሽ እንዳይላክ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ዝግ ነው። ልጁ የሚሠራበት ቤት ግን የገመድ መስመር ነበረችው። እሷም ብትሆን የሩዝ መፈልፈያዎቹ ሲነሡ መብራቱ ስለሚርገበገብ በደህና የምትሠራው ሌሊት ነው። ልጅቷ የምትሠራበት ቤት ደግሞ ፋይል መቀበያ ሰርቨር አለው። ስምና የይለፍ ቃል ሰጠችው። እሱም ከሰው ተምሮ በዚያ በጥቁሩ ስክሪን፣ በኤፍቲፒ ላከላት። አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲነጋጋ ስክሪኑ «226፤ ትራንስፈር ኮምፕሊት» አለው። ማለትም ማስተላለፉ ተጠናቋል። በደስታ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አነሣው።

ጠዋት በመደበኛ ስልክ ደወለላት። «ገብቷል?» አላት። እሷ ፎልደሩን ከፈተች፤ ፋይሉ አለ፤ ስሙም ትክክል፤ መጠኑም ትልቅ። ሥራ ላይ ስለነበረች «ገብቷል የኔ ጌታ፣ እግዜር ይስጥህ» ብላ ዘጋች። ቪዲዮውን ግን አልከፈተችውም።

እሱም «ገብቷል» ስለተባለ የካሜራውን ካርድ አጠፋና ለሚቀጥለው ሠርግ አዘጋጀው።

አባቷ አርፈው፣ ለቀብር ሄዳ፣ ለቅሶ ተቀምጣ ስትመለስ ነው የአባቷን ድምፅ ልስማ ብላ ፋይሉን የነካችው። አልከፈት አለ። በሌላ ፕሮግራም ሞከረችው፤ እንቢ። የቢሮው ባለሙያ ሞከረው፤ «ይኼ ፋይል ተበላሽቷል» አላት። ደወለችለት፤ «እንደገና ላክልኝ» አለችው።

«እሺ፣ ካርዱ ቤት ነው፣ ነገ» አላት። ነገ ሆነ። «መብራት የለም።» ከነገ ወዲያ ሆነ። «ሠርግ ላይ ነኝ።» እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት። በመጨረሻ ካርዱ መጥፋቱን የነገራት እሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ «እኔ ልኬያለሁ» ይላል፤ «አልላክህም» ትለዋለች። ሽማግሌውም ቀረ፣ ፍቅሩም ቀረ።

*

አሁን ኮምፒዩተሩን እንመርምር።

መጀመሪያ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ አንድ የጽሕፈትና ዲዛይን ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። የአንድ ደንበኛ የሠርግ ጥሪ ካርድ ለማተሚያ ቤት በኤፍቲፒ ላክሁ። «ተጠናቋል» አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ማተሚያ ቤቱ «የላካችሁት አይከፈትም» አለን። አለቃዬ የተናገረኝን እዚህ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም! ከዚያ አንድ አዋቂ ሰው መጣና ትከሻዬ ላይ ቆሞ አንዲት ቃል ብቻ አስጻፈኝ፤ «ቢን»። እንደገና ላክሁት። ተከፈተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍቲፒ የሚባለው ፋይልን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የማስተላለፊያ ስምምነት የቆየ ነው። የመጀመሪያውን ሐሳብ አባይ ቡሻን የሚባል ሕንዳዊ ወጣት በአሜሪካው ኤምአይቲ ሳለ በኤፕሪል 1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፈው። በኛ 1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ እያሉ። ልጁ ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። አሁንም ድረስ የሚሠራበት ደንብ ደግሞ በ1985 እንደ አውሮፓውያን ወጣ። አገራችን ውስጥ ኢንተርኔት በይፋ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነውና ስምምነቱ ከኛ ኢንተርኔት በብዙ ዓመት ይበልጣል።

ያኔ የነበሩት ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው አይግባቡም ነበር። ጽሑፍ ውስጥ መስመር የሚያልቅበትን ምልክት እንኳ አንዱ በአንድ ምልክት፣ ሌላው በሁለት ምልክት ነበር የሚጽፈው። እስከ ዛሬም ዊንዶውስ ሁለት፣ ዩኒክስና ሊኑክስ አንድ ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ ኤፍቲፒ ከአንድ በላይ ዓይነት አላላክ ተሰጠው። አንደኛው «አስኪ» ይባላል፤ ለጽሑፍ ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ የመስመር ምልክቱን ለተቀባዩ እንዲመች አድርጎ ይቀይረዋል። ሁለተኛው «ባይነሪ» ነው፤ ምንም ሳይነካ እንዳለ ያደርሳል።

ፎገሬ የሆነ ሰው ይኼ ቶሎ ይገባዋል። የሩዝ መፈልፈያ ሩዝ ስታስገቡበት ገለባውን ገፎ ነጩን ያወጣላችኋል። ጥሩ ነው። ጤፍ ብታስገቡበትስ? ማሽኑ አይጠይቃችሁም። ሥራውን ይሠራል። የወጣውን ለቅማችሁ ጤፍ አታደርጉትም!

ቪዲዮ ጽሑፍ አይደለም። ግን በቪዲዮው ውስጥ ካሉት ቁጥሮች መካከል በአጋጣሚ የመስመር ምልክት የሚመስሉ ጥንዶች አሉ። በሂሳብ ስናሰላው በአማካይ ከ65,536 ቦታ አንድ ጊዜ ይገኛሉ። «አስኪ» እያንዳንዳቸውን ምልክት ነው ብሎ ሊነካካ ይችላል። አንዴ ከተነካኩ ደግሞ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው የተነካ እንደነበር ማወቅ ስለማይቻል መልሶ ማደስ የለም።

የሚገርማችሁ ደግሞ፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የጥቁሩ ስክሪን ኤፍቲፒ ካልነገራችሁት በቀር የሚጀምረው በ«አስኪ» ነው።

ለኛ አበሻዎች «አስኪ» የድሮ ባላንጣችን ነው። የሚያውቀው 128 ምልክት ብቻ ነው፤ የላቲን ፊደልና ቁጥር። ሀ ሁ ሂ የሚባል ነገር አያውቅም። በዚህ ምክንያት ነው በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን) ውጭ አገር የነበሩ ወገኖቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል አስመስለው ይላላኩ የነበሩት። እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ለዚሁ ሲሉ «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን ነው። እና ዛሬም ቢሆን የፋይላችሁን ስም «ሠርግ» ብላችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ በአሮጌ ሰርቨር ብትልኩት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ለመላክ ብቻ ስትሉ ስሙን በላቲን ፊደል፣ ያለ ባዶ ቦታ ጻፉት።

*

ልጁን አገኘሁት።

እኔ ያደግሁት አዲስ ዘመን ነው፤ ጣራ ገዳምን ከነጫካው ቀና ብዬ እያየሁ። ለበዓል ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ በስልክ ቀጠርሁትና ከወረታ መጣ። ከስቷል። ቡና ቤት ተቀመጥንና ያንን የስልክ ፎቶ አሳየኝ። «ይኸው! 226 ይላል! ውሸታም ነኝ?» አለኝ።

ፎቶውን አጎላሁት። ከላይ የፋይሉ መጠን አለ፤ 1,812,340,736 ባይት። ከታች የይለፍ ቃል፣ ከዚያ «ፑት»፣ ከዚያ 226። «ቢን» የምትለዋ ቃል የለችም። ለልጅቷ ደውዬ አዲስ አበባ ሰርቨሩ ላይ ያለውን መጠን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። 1,812,313,125። ሁለቱን ስታቀናንሱ 27,611 ባይት ጎድሏል። ከጠቅላላው አንፃር ኢምንት ነው፤ ዓይቶ የሚጠረጥር የለም። ቪዲዮውን ለመግደል ግን በቃ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፍርድ ይኸው፤ ልኳል። እሷም ደርሷታል። ሁለቱም እውነት ነው የተናገሩት። 226 ማለት ሰርቨሩ «የመጣውን ሁሉ ተቀብዬ ጨርሻለሁ» ማለቱ ነው እንጂ «የመጣው ደህና ነው» ማለቱ አይደለም።

እናቴ ዕጣንና ጧፍ ለጣራ ገዳም በጎረቤት እጅ ስትልክ ትዝ ይለኛል። ጎረቤቲቱ ይዛ ስትሄድ እናቴ «ተላከ» ብላ አትተኛም ነበር። ስትመለስ ጠብቃ «ለማን ሰጠሽው? ስንት ጧፍ ነበር? ምን አሉሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ቁጥሩ ከተስማማ ያኔ እፎይ! ትላለች። ኮምፒዩተር የማታውቀው እናቴ ከኔም ከልጁም በላይ አላላክ ታውቅ ነበር።

*

እንግዲህ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ፣ አሠራሩን አጠር አድርጌ ላስቀምጥላችሁ። ይኼ ጥቁር ስክሪን የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ከአሥር ቃል በላይ አይፈልግም። መስመር ደካማ በሆነበት ቦታ ደግሞ ስዕሉና ማስታወቂያው ስለሌለበት ከብዙ ነገር ይሻላል። ክሮምና ፋየርፎክስ በ2021 እንደ አውሮፓውያን ኤፍቲፒን ከውስጣቸው አውጥተውታል፤ ስለዚህ በብሮውዘር እገባለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

መጀመሪያ «ኤፍቲፒ» ብላችሁ የሰርቨሩን አድራሻ ትጽፋላችሁ። ስም ይጠይቃችኋል። ከዚያ 331 ብሎ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ የይለፍ ቃሉን ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኮከብም የለ፣ ነጥብም የለ። ኪቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደበድቡት! ዝም ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር። 230 ካለ ገብታችኋል። 530 ካለ ስም ወይም ቃል ተሳስታችኋል።

ከገባችሁ በኋላ ከሁሉ በፊት «ቢን» ጻፉ። ቢ፣ አይ፣ ኤን። ሦስት ፊደል ናት። የአንድ ሟች አባት ምርቃት የጠፋው በነዚህ ሦስት ፊደላት ነው።

«ኤልኤስ» ወይም «ዲር» ሰርቨሩ ላይ ያለውን ያሳያል። «ሲዲ» እዚያ ማዶ ፎልደር ይቀይራል፤ «ኤልሲዲ» ደግሞ እዚህ በኛ ኮምፒዩተር ላይ ይቀይራል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታል፤ ማዶ ያለው ሌላ ቤት፣ እዚህ ያለው የራሳችን ቤት ነው ብላችሁ ያዙት። «ሃሽ» ብትሉ ፋይሉ እየሄደ ሲሆን ምልክት እየደረደረ ያሳያችኋል፤ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው ብላችሁ አትጨነቁም። «ፑት» መላክ ነው፣ «ጌት» ማምጣት ነው። ሲጨርሱ «ባይ» ብሎ መውጣት። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ደግሞ ሊኑክስ ላይ ይለያያል፤ 550 ካላችሁ አንድም ስሙን አሳስታችኋል፣ አንድም አልተፈቀደላችሁም።

ስሙንና ቃሉን ተቀብሎ «ዲር» ስትሉ ደርቆ ከቀረ ወይም 425 ካለስ? ኤፍቲፒ ሁለት መስመር ነው የሚጠቀመው፤ አንዱ የወሬ፣ አንዱ የዕቃ። የወሬው መስመር ተከፍቶ የዕቃው ተዘግቶባችኋል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያግደው በመካከል ያለው ራውተር ወይም ፋየርዎል ነው። መድኃኒቱ «ፓሲቭ» የሚባለው አሠራር ነው። የዊንዶውሱ ኤፍቲፒ ደግሞ ፓሲቭ አያውቅም። የተቋረጠውንም ካቆመበት አይቀጥልም፤ አራተኛው ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድ ከዜሮ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር፤ ሰርቨሩ የሚፈቅድ ከሆነ «ኤስኤፍቲፒ» ተጠቀሙ። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነገር ነው። ከ2018 (እንደ አውሮፓውያን) ወዲህ የወጣ ዊንዶውስ 10 ውስጥ አብሮ ተጭኗል። ሦስት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ኤፍቲፒ ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ግልጡን ነው የሚልከው፤ የፍቅር ደብዳቤ ሳያሽጉ በመንደርተኛ እጅ እንደመላክ ቁጠሩት። ኤስኤፍቲፒ ግን አሽጎ ነው የሚልከው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኤስኤፍቲፒ «አስኪ» የሚባል ጣጣ የለበትም። ሦስተኛ፣ ቢቋረጥ «ሪፑት» ብላችሁ ካቆመበት ትቀጥላላችሁ።

ልካችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ዋናው ሥራ ገና ነው። አንድ፣ «ዲር» ብላችሁ እዚህና እዚያ ያለውን የባይት ቁጥር አስተያዩ። በግምት አይደለም፤ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ። ሁለት፣ በጣም የምትሳሱለት ፋይል ከሆነ የፋይሉን «የጣት አሻራ» አውጡ። ዊንዶውስ ላይ «ሰርትዩቲል» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሊኑክስ ላይ «ሻ256ሰም»። ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ያወጣላችኋል። ላኪና ተቀባይ የመጨረሻዎቹን ስምንት በስልክ ቢነባበቡ ይበቃል። ሦስት፣ ተቀባዩ ከፍቶ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ይይ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ካርድ የሚጠፋው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ተረቱ፤ ይኼኛው ግን ከፈሰሰ የማይለቀም ነው።

*

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍርድ ልምጣ።

ወንድሜ ሆይ፣ ኮምፒዩተሩ ነፃ አውጥቶሃል ብለህ አትፈንድቅ። ልከሃል፤ አምነንሃል። ካርዱን ያጠፋኸውም «ገብቷል» ተብለህ ነው፤ ይኼም ይገባናል። ግን «እንደገና ላክልኝ» ስትልህ «ካርዱ ቤት ነው፣ ነገ» ያልከውስ? እሱን ኮምፒዩተር አላስተማረህም።

የምነግርህ ነገር የሚያም ነው፤ ግን እወቀው። ከካርድ ላይ ፋይል ሲጠፋ ወዲያው አይደመሰስም። ስሙ ነው የሚሠረዘው፤ ምስሉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ሊቆይ ይችላል። «ፎቶሬክ» የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም እንዲህ ዓይነቱን ፋይል ፈልቅቆ የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ደወለችልህ ቀን «የኔ ዓለም፣ ካርዱን አጥፍቼዋለሁ» ብለህ ቢሆን ኖሮ ካርዱን አስቀምጠህ አዋቂ ትጠይቅ ነበር፤ የተረፈ ካለም ይተርፍ ነበር። አንተ ግን ጾሙ ሳይገባ ሠርግ የሚሽቀዳደምበት ሰሞን ነበርና በዚያው ካርድ ላይ አራት ሠርግ ቀረጽህበት። እየዋሸህ በሰነበትክባቸው ቀናት የሰው ሙሽራ በአባቷ ምርቃት ላይ ሲጻፍ ሰነበተ።

ይኼን ስነግረው አንገቱን ደፋ። «ፈርቼ ነው» አለኝ። «አባቷ በሞቱ በሳምንቱ እንዴት አድርጌ ልንገራት?»

አምነዋለሁ። የፍርሃት ውሸት ነው። ግን የፍርሃት ውሸትም ውሸት ነው፤ የሚያስከፍለውም ያው ነው።

እህቴ ሆይ፣ አንቺም አትቆጪኝ። ሳትከፍቺ «ገብቷል» ያልሽው አንቺ ነሽ። ሥራ ላይ እንደነበርሽ አውቃለሁ። ማናችንም የምናደርገው ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን «አልላክህም» ብለሽ ያዋረድሽው በሐሰት ነው። ልኳል። አምስት ሰዓት ሌሊት ቁጭ ብሎ ልኳል። ይቅርታ ልትጠይቂው የሚገባሽ ነገር አንድ ነው፤ እሱ ሊጠይቅሽ የሚገባው ነገር አንድ ነው። የናንተ ይብሳል፣ የኔ ይብሳል ካልተባባላችሁ ሁለት ይቅርታ አንድ ቡና ላይ ያልቃል።

*

ይኼን ጽፌ ልጨርስ ነበር። ግን ነገሩ እዚህ አላበቃም።

ልጁ ከኔ ተለይቶ ወረታ ሲመለስ እንቅልፍ አልወሰደውም። ዘመኑ ሠርግ ላይ ስልክ የማያወጣ የለምና ሚዜዎቹን አንድ በአንድ መፈለግ ጀመረ። አንዱ ስልኩን ሸጦታል። አንዱ ዓረብ አገር ሄዷል። ሦስተኛው ሐሙሲት ተገኘ። ስልኩ ውስጥ አንዲት አጭር ቪዲዮ አለች። ጠምዛዛ ናት፤ የሰው ትከሻ ጋርዷታል፤ የእልልታው ጩኸት ይበዛል። የሙሽሮቹ ምርቃት መጀመሪያው የለም። መጨረሻው ግን አለ። «ያንቺንም ያሳየኝ ልጄ!» የምትለዋ አለች።

መጠኗ 48,213,907 ባይት ናት። በቴሌግራምም መላክ ይቻል ነበር፤ አሁን መስመሩ ተመልሷል። እሱ ግን «አይ፣ በዚያው በጥቁሩ ነው የምልካት» አለ። ወንድ ልጅ እልሁ!

በዚያ ምሽት ሁለቱም ስልክ ላይ ነበሩ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። የፍቅር ቃል እንኳ አልነበረም፤ ቁጥር ብቻ።

«ስንት ይላል ያንቺ?»

«48 … 213 … 907።»

«የኔም 907። አሁን ክፈቺው።»

«ቆይ።»

«ካርዱ አልጠፋም፤ ፋይሉም እዚህ አለ። ቀስ ብለሽ ክፈቺው።»

ከዚያ ድምፅ ጠፋ። እሱ የሰማው በስልኩ ውስጥ ሩቅ እልልታ፣ ቀጥሎ የአንድ ሽማግሌ ሰው ድምፅ፣ ቀጥሎ የልጅቷን ለቅሶ ነው። እስክትጨርስ ድረስ ስልኩን ሳይዘጋ ጠበቃት። «መጨረሻው ድረስ ይሠራል?» ብሎ ጠየቃት። «ይሠራል» አለችው።

ታርቀዋል ወይ? ትሉኝ ይሆናል። እሱን አልጠየቅሁም፤ የነሱ ጉዳይ ነው። ለኔ የጻፈችልኝ ሁለተኛ ደብዳቤ ግን ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ እንባም የለበትም። «የአባቴን ድምፅ በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ እሱ ጋ ነው» ትላለች።

እንግዲህ አንባብያን፣ ፋይልም ሆነ ፍቅር ስትልኩ «ተልኳል» ብላችሁ አትተኙ፤ ደርሶ እንደሆነ ጠይቁ። የደረሳችሁም ከፍታችሁ እዩ። ካጠፋችሁ ደግሞ በጠፋበት ቀን ተናገሩ።

ለሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ!